እኩል

የበር ላይ ሰው ነኝ እኔ፣ ሰዓት መዝጋቢ፤
አዘዞ፣ ሰሊጥ ማበጠሪያው፣ የወጪ የገቢ
እግር ስቆጥር የኖርሁ አስራ አንድ ዓመት፣
ማን እንደመጣ የምለይ፣ ቀና ሳልል፣ በኮቴው ድምፀት።

የመተማ መንገድ ተዘጋ፤ መኪናው ቀረ።
ከአስሩ ወንፊት ሰባቱ ቆሞ አቧራ ቋጠረ።
አቶ አስማረ ከፎቅ ወረዱ፣ ወረቀት ይዘው፣
መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ወልውለው።
"አርባ አራት ሰው" አሉ፣ "ይቀነስ ተብሏል፤
ስም ዝርዝሩ በፊደል ተራ ከታች ተለጥፏል።"

አርባ አራት!
በዚህ ከተማ ይህ ቁጥር የታቦት ነው፤
ሰው ይማልበታል እንጂ፣ የተባረረበት ማነው?
ሀብቴ፣ የወንፊቱ ሰው፣ በ«ሀ» ቀድሞ አንደኛ ወጣ፤
ከስሙ ያገኘው ሀብት ይኸው፣ ይኸው ጣጣ።

ከጠጠር ለቃሚዎቹ መሀል አንጓች ተነሣች፤
ሽርጧን አራግፋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንዲህ አለች፦
"እኛ ሰማንያ ስምንት ነን፤ ሥራው የአርባ አራት ሰው፤
ሳምንቱን እንደ ድፎ እኩል እኩል ለምን አንቆርሰው?
ሦስት ቀን እኔ ልግባ፣ ሦስት ቀን ሀብቴ ይምጣ፤
ከጎደለው ደመወዝ መንግሥት ሲሶውን ያውጣ፤
ለሁልጊዜ አላልሁም፤
መንገዱ እስኪከፈት፣ አዲሱ ሰሊጥ እስኪመጣ።"

እኩል። ቃሏን ደብተሬ ጥግ ላይ ጻፍኋት።
አንድም ግማሽ ናት፣ አንድም ትክክል፤ የቱን ብላ እንደሆን እንጃላት።

ማታ ለይስማው አወራሁለት፣ ለግድግዳ ተጋሪዬ፣
ቅዳሜ ገበያ ሸክም አውራጅ ነው፤ ሳቀ፣ "አይ ጌታዬ!
ዝናብ የጣለ ቀን የኔ ትከሻ ሥራ ፈት፤
'እንካ ሲሶ' ብሎ ማን አንኳኳ የኔን ቤት?
ጨው ስገዛ ግብር፣ ሳሙና ስገዛ ግብር፤
ከኔ ኪስ ተቆንጥሮ ለናንተ ወንበር?
ቀሃን ጠልፈው ጥምቀተ ባሕሩን ሲሞሉ
ሰዎች ዙሪያውን ከበው 'ሞላ! ሞላ!' ይላሉ፤
ከታች ያለው ጎመን ተካይ ቦዩ ሲደርቅበት
ማን ጠይቆት ያውቃል፣ ማን ሄዶለት?"

እውነት አለው። ዝም አልሁ።
መንገዱ ባይከፈትስ? ብዬም ፈራሁ፤
ወንፊቱ ሞቶ ቢሆን፣ ለሬሳ ቀለብ
መስፈር አይሆንም ወይ? ይህን ሳስብ ሳስብ

ማንደፍሮ ትዝ አለኝ፤ መካኒካችን፣ ጆሮ ብቻ፤
ሞተር ሲያስነጥስ ሕመሙን የሚያውቅ፣ ያለ መፍቻ።
ባለፈው ክፉ ጊዜ ሸኘነው፣ ወጪ ሊቀል፤
ሰሊጡ ሲመለስ እሱ ቋራ ነው፣ የሰው አረም ሊነቅል።
ሁለት ወር ቆምን፣ ሞተሩን የሚሰማ ጠፍቶ።
ያን ኪሳራ ማን መዘገበው? እኔም አልጻፍሁት ከቶ።

ተነሥቼ ግድግዳውን መታሁ። "ይስማው፣ ስማ፤
አርባ አራቱ ነገ የት የሚሄዱ ይመስልሃል? በዚህ ከተማ
ሌላ ምን በር አለ? ቅዳሜ ገበያ ይመጣሉ፤
በሃምሳ የምታወርደውን ጆንያ 'በሃያ እኛ' ይላሉ።"

ብዙ ዝም አለ። ኋላ፣ በግድግዳው ቀዳዳ፣
"እንግዲያማ" አለኝ፣ "የኔንም የዝናብ ቀን ዕዳ
ጻፍልኝ፣ ከደብዳቤያችሁ ግርጌ፣ በቀይ።"
ጻፍሁለት። ማኅተም የሌለው መስመር፤ ያዩት እንደሆን እንይ።

ቢሮው "እየታየ ነው" አለ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም።
እኛ ግን ጀምረናል፣ ያለ ሲሶው፤ ሆድ ቀጠሮ አያውቅም።
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ አንጓች፤ ከሐሙስ ሀብቴ፤
ግማሽ ደመወዝ፤ ግማሽ ግን አይደለም ኪራዩ የቤቴ።

በር ግማሽ የለውም ብዬ ተከራክሬ ነበር፤
ዘበኛው ፈንቴ ቁጥር ያውቃል፤ እኩል ደረሰን በር።
ረቡዕ ማታ፣ ደብተሩን ሳላስረክብ፣ ገጹን ገለጥሁ፤
ከስሜ አንጻር፣ ከሐሙስ በታች፣ በገዛ እጄ፣
በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣
"የለም" ብዬ ጻፍሁ።